ከእሳት የተረፈ ኪኒን

አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በካርድ ነው፤ ሠላሳ ኪኒን፣ እያንዳንዱ በየጎድጓዳው ለብቻው ታሽጎ። አዛውንቱ አሥሩን እንደወሰዱ ሐኪማቸው ሌላ መድኃኒት ቢያዝላቸው ወይም ሕይወታቸው ቢያልፍ፣ የቀሩት ሃያዎቹ ምን ይሆናሉ? አብዛኛውን ጊዜ ይቃጠላሉ። ሽንት ቤት ይደፉ የነበረበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእነዚህ ቤቶች ብቻ በየዓመቱ 740 ቶን ያህል መድኃኒት እንደሚባክን ገምቷል። እዚያው አገር ደግሞ የደም ግፊት ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ የሚውጥ ሰው አለ፤ ወሩን ሙሉ እንዲያደርስለት።

ሴፍኔትአርኤክስ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በአዮዋ ግዛት ዋና ከተማ በዴሞይን የሚሠራው ይህ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የተመሠረተው በ2001 ሲሆን፣ ከ2007 ጀምሮ ግዛቱ ባወጣው ሕግ መሠረት የተረፈ መድኃኒት እየሰበሰበ ኢንሹራንስ ለሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚዎች በነፃ ይሰጣል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአእምሮ ሕመም፣ ዋጋው የማይቀመሰው የካንሰር መድኃኒት ሳይቀር።

ደግ ልብ ብቻውን ግን ፋርማሲ አያቆምም። ዋናው ሥራ ያለው ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ፋርማሲስቱ ካርዱን እያገላበጠ ያያል፦ እሽጉ ተነካክቷል? የመጠቀሚያ ጊዜው ስንት ወር ቀረው? ኪኒኑ ቀለሙን ለውጧል? የቀድሞው ታካሚ ስም እንዳይታይ ይጠፋል። እንደ ሞርፊን ያሉ፣ በልዩ ቁጥጥር ሥር ያሉ መድኃኒቶች አይገቡም፤ የፌዴራሉ ሕግ አይፈቅድም። አልፎ የተገኘው ብቻ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም የሚሰጠው በሐኪም ማዘዣ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም ማጣራቱ ገንዘብ ይፈልጋል። በ2017 አካባቢ ግዛቱ በዓመት ይመድብ የነበረው 600 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ገንዘብ የሚተርፈው መድኃኒት ዋጋ 6 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን እያወቁ ዝም ያሉ ግዛቶች መኖራቸው ነው የሚገርመው፤ ሕጉን አውጥተው መደርደሪያውን ያልሠሩ አሉና።

ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ይሠራሉ። በ1997 በሻርሎት ከተማ የተጀመረው ኤንሲ ሜድአሲስት በሰሜን ካሮላይና መድኃኒቱን በፖስታ እስከ ታካሚው ቤት ድረስ ይልካል። የስታንፎርድ ተማሪዎች የመሠረቱት ሲረምም ትርፍ መድኃኒት ያላቸውን ተቋማት ከሚፈልጉት ጋር ያገናኛል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የመድኃኒት ዋጋ ከከበዳችሁ ወይም ያልተከፈተ እሽግ ከተረፋችሁ፣ ተመሳሳይ አገልግሎት በአካባቢያችሁ መኖሩን የግዛታችሁን የፋርማሲ ቦርድ ጠይቁ። የተረፈውን በሻንጣ አድርጎ ለአገር ቤት ጤና ጣቢያ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት ወደ ሌላ አገር እንዳይለገስ ይላል፤ የሚለገሰውም ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል።