ያውቁ ኖሯል? ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ክሬም፦ የደጋ ቆዳን የሚጠቅመውና የሚጎዳው

ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርበው ቢቀመጡም ፊትዎን ፀሐይ እንደሚያቃጥለው ያውቁ ኖሯል? ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ያታልላል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

በፀሐይ መከላከያ ላይ «ኤስ.ፒ.ኤፍ. 30» የተባለው ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ፣ 50 የተባለው 98 በመቶ ያህል ያግዳል። ልዩነቱ ይህችው ናት። ስለዚህ ለትልቁ ቁጥር ብዙ ከመክፈል፣ የተገኘውን ሳይሰስቱ መቀባትና ውጭ ሲውሉ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይበልጣል።

ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የምናየው ብርሃን ጭምር እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ተራው መከላከያ ይህን ብርሃን ብዙም አያግደውም። የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው መከላከያ ግን ይረዳል።

ለማድያት እየተባለ የሚሸጠው ማንጫ ግን ሌላ ነገር ነው። በማሸጊያ ላይ ይዘቶች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ሦስት ስሞችን ይፈልጉ። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ አንዳንዴ «ካሎሜል» ተብሎ ይጻፋል። ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ በዚያው ዘልቆ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከእናት ገላ፣ ከፎጣና ከትራስ ወደ ሕፃናትም ይተላለፋል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ክሎቤታሶል ነው። ሐኪም ለጠና የቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው፣ ከኃይለኞቹ ስቴሮይዶች አንዱ ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ሲተዉት ፊት ስለሚቀላና ስለሚያቃጥል ብዙ ሴቶች ተመልሰው ይቀቡታል፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ሊያጠፉት የፈለጉትን ጥቁረት ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አድርጎ ሊያጸናው ይችላል። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት አይግዙ።

ቫዝሊን ለቆዳ ውሃ እንደማይጨምር ያውቁ ኖሯል? ያለውን እንዳይተን ይይዛል እንጂ፤ ይህን ደግሞ እንደ እርሱ አድርጎ የሚሠራ የለም። በደረቀ ቆዳ ላይ ከሚቀቡት ታጥበው እርጥበቱ ሳይለቅ ቢቀቡት ይሻላል። ግሊሰሪን በአንጻሩ ውሃ ይስባል። በደረቁ የበጋ አየር ያለ ውሃ ከተቀባ ግን የሚስበው ከቆዳው ከራሱ ስለሆነ በውሃ ይቅጠን፣ ከላይም ቫዝሊን ይደረብበት። የቅባት ጥቅም ከውበትም ያልፋል፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ሲሄዱ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ ለሚታከሙ ሰዎች ዕለታዊው ክብካቤ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። ርካሹ የቅባት ብልቃጥ የሰው እግር ለማዳን ይረዳል።

ለጋ ቅቤ ለፀጉር ያማረ ነው፤ ሲቀልጥ ግንባር ላይ እየወረደ ቀዳዳዎችን ይደፍንና ትናንሽ ብጉር ያወጣል። የቆዳ ሐኪሞች ከፀጉር ቅባት የሚመጣውን ይህን ብጉር ለብቻው ስም ሰጥተው ያውቁታል። ፀጉርዎን ሲቀቡ ግንባርዎን በሻሽ ይከልሉ፣ ጠዋትም ይታጠቡት።

ከውጭ የሚመጣው የወይራ ዘይት የቆዳን መከላከያ ሊያላላ እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? የሞላበት ኦሌይክ አሲድ ነው። የእኛ ኑግ ዘይት በብዛት የያዘው ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ ቆዳ መከላከያውን የሚሠራው በዚሁ ነው። ኑግ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ አዲስ የተጨመቀ ይሁን።

ሎሚ ፊት ላይ ማሸት፣ ጤና አዳምም ቀጥቅጦ ቆዳ ላይ ማድረግ ከፀሐይ ጋር አይስማማም። በሁለቱም ውስጥ በጨረር የሚነቁ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ያቆስላሉ፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። ጤና አዳሙን ለቡናዎ ያቆዩት።

የእንሶስላ ሥር እጅና እግር የሚያቀላው ከሂና ቀለም ጋር አንድ ቤተሰብ በሆነ ንጥረ ነገር ነው። በደቂቃዎች የሚያጠቁረው «ጥቁር ሂና» ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ተቀላቅሎበታል፤ ቆዳን እስኪያቆስል ሊያስቆጣ ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፊት ላይ ወጥቶ ለሳምንታት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር የተባለው የቆዳ ሊሽማኒያ ሊሆን ይችላል። ተሕዋሲው በደጋው ገደል ከሚኖረው ሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቅቤም፣ ክሬምም፣ ማንጫም አያድኑትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ ጠባሳው ሳይሰፋ እዚያ ይታዩ።