«ደህና ነን» ብቻ አይበቃም
ርቀው ላሉ ልጆቻችን የቤት ወሬ ስለ መንገር



በዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ትምህርት፣ ስለ ፈተናና ስለ ስፖርት የሚያወሱ ጽሑፎች ስላሉ፣ እኛ በዚህ ገጽ ከክፍል ውጭ የሆነ፣ ግን በየቤታችን ያለ አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። እዚህ ጅቡቲ ካሉት የማኅበረሰባችን ቤተሰቦች አድጎ የሄደ ልጅ የሌለው ጥቂቱ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ይማራል፤ አንዷ ዱባይ ትሠራለች፤ ሌላው ፈረንሳይ ወይም ካናዳ ትዳር ይዟል። ወላጅ ለእነዚህ ልጆች ስለ ቤቱ ምን ይንገራቸው? እንዴትስ ይንገራቸው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ በዚህ ዓመት ያጋጠመን ነገር ቀላል አለመሆኑን አሳይቶናል።

በገና ሰሞን፣ ከዓመታት በፊት ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ልጃችን ሊጠይቀን መጣ። በውጭ አገር ሦስት ዓመት ቆይቶ መመለሱ ነበር። ቤቱ ሲደርስ አባቱን ያገኛቸው በከዘራ ተደግፈው ነው። ለካ ሰባት ወር ታመው ኖሯል። በእነዚያ ሰባት ወራት ልጁ በየዓርቡ ይደውል ነበር፤ በየዓርቡም «ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትህ ወጣ ብለዋል» ይባል ነበር።

«ያልሰማሁት የአባቴን ሕመም ብቻ አይደለም» አለን። «ጎረቤቶቻችን መልቀቃቸውን፣ እህቴ መነጽር ማድረጓን፣ ግቢያችን ውስጥ የነበረው የኒም ዛፍ መቆረጡን አልሰማሁም። ቤቴ እንግዳ ሆኜ ገባሁ።»

እናቱንም አነጋገርናቸው። «ፈተና ላይ ነበር፤ ብነግረው መጨነቅ እንጂ ምን ያተርፋል?» አሉን። ቀጥለውም «እሱስ መቼ ነገረኝ? ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ 'ሥራ በዝቶብኝ ነው' ይለኝ አልነበረም?» አሉ። እናት ልጇን ላለማስጨነቅ፣ ልጅም እናቱን ላለማስጨነቅ ሲሉ፣ ሁለቱ ሰባት ወር ሙሉ ምንም ሳይነጋገሩ በየሳምንቱ ተነጋገሩ። በእኛም ቤት፣ በመምህራኖቻችንም ቤት ይህን የሚመስል ነገር እንዳለ ስለምናውቅ፣ ማንንም ለመውቀስ አንጽፍም።

ደብዳቤው ምን ይሠራ ነበር?

ቀድሞ የነበሩት ወላጆቻችን ይህን ችግር የሚፈቱበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። እሱም ደብዳቤ ነው። የምንኖርባት ጅቡቲ ደግሞ የኢትዮጵያ ደብዳቤ ወደ ዓለም የሚወጣባት በር ሆና ኖራለች። ከዚህ የተነሣው የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት የናትና የልጅ ደብዳቤ በዚህ ወደብ አልፎ ይሆን!

የድሮውን የቤተሰብ ደብዳቤ አብዛኛው ወላጅ ያስታውሰዋል። «ይድረስ ለውድ ልጄ» ብሎ ይጀምራል፤ «ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን አለህ?» ይላል፤ «እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብሎ ይቀጥላል። ተማሪዎቻችን ይህን ሲያነቡ «ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው» ብለው ይስቃሉ። ነገር ግን ከዚህ ሰላምታ በኋላ የሚመጣውን ልብ እንበል። «አክስትህ ሰላም ብላሃለች፤ ያጎትህ ልጆች በሙሉ ሰላም ብለውሃል፤ የንስሐ አባታችን ሰላም ብለውሃል፤ ጎረቤታችን እትዬም እንዲሁ።» ግማሽ ገጽ የሰላምታ ዝርዝር ነው።

ይህ ዝርዝር ለወጉ ያህል የሚጻፍ አልነበረም። ርቆ ያለው ልጅ ስሞቹን አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። ማን ሰላም አለኝ? ማን ቀረ? ሁለት ደብዳቤ በተከታታይ ስማቸው ያልተጠራ አያት ቢኖሩ፣ ልጁ አንድ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ደብዳቤው «ደህና ነን» እያለ እንኳ፣ ዝርዝሩ እውነቱን ይናገር ነበር። እንዲሁም ዝርዝሩ ለልጁ «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቆጥረሃል፤ ቦታህ አለ» የሚል መልእክት ነበረው።

ከካሴት እስከ እጅ ስልክ

በኋላ ካሴት መጣ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ድምፃቸውን ቀድተው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ጀመር። ስልሳ ደቂቃውን ለመሙላት ሲሉ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያወሩ ነበር። ከኋላ የቡና ሙቀጫው፣ ዶሮው፣ የሕፃናቱ ጫጫታ ይሰማል። በሰው አገር ያለው ልጅ ያንን ጫጫታ ደጋግሞ ይሰማው ነበር።

ስልክ ሲመጣ ግን ወሬው አጠረ። ቴሌ ቤት ወረፋ ተጠብቆ፣ በደቂቃ ተከፍሎ፣ «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን» ተባብሎ ይዘጋል። ገንዘቡ ስለሚቆጥር ለትንሽ ነገር ቦታ አልነበረም። ዛሬ ኢሞም ዋትስአፕም ቴሌግራምም አለ፤ ኢንተርኔት ካለ ደቂቃው ለብቻው አያስከፍልም። የሚያስገርመው፣ ዋጋው ቢቀንስም ልማዱ እንዳለ መቅረቱ ነው። አሁንም «ሰላም ነው?» «ሰላም» ብለን እንዘጋለን። አበባ ያለበት የ«እንደምን አደራችሁ» ሥዕል በየጠዋቱ እንልካለን። ሥዕሉ ክፋት የለውም፤ ግን እቤት ውስጥ ማን እንዳደረ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሳቀ አይናገርም።

ወሬ ሲቋረጥ ዋጋው ይታያል

የቤት ወሬ ዋጋው የሚታወቀው ሲጠፋ መሆኑን አካባቢያችን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክም ፖስታም ተቋረጠ። የስልኩ መስመር ተመልሶ የተከፈተው በሐምሌ ወር 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ለሃያ ዓመት ያህል እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት በቀጥታ መደዋወል አልቻሉም።

በዚያ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የተገናኘው በቀይ መስቀል መልእክት ነው። ይህ መልእክት ሳይታሸግ የሚሄድ አጭር ደብዳቤ ሲሆን፣ እንዲጻፍበት የሚፈቀደው የቤተሰብና የግል ወሬ ብቻ ነው። የፖለቲካም የጦርነትም ነገር አይጻፍበትም። ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ትምህርት ጨረሰ፣ ማን አረፈ፤ ይኸው ነው። በጦርነት መሀል ሰው ያስፈልገዋል ተብሎ የተለየው ይህ «ትንሽ» የምንለው ወሬ መሆኑን ልናስብበት ይገባል። እኛ ስልኩ እጃችን ውስጥ እያለ የምንተወውም እሱኑ ነው።

ታዲያ ምን እንንገራቸው?

በዚህ ዓመት ከወላጆች ጋር ስንወያይ ብዙዎች «የምነግረው ምን አዲስ ነገር አለ? ኑሯችን ያው ነው» ብለውናል። ስለዚህ እንደ ምሳሌ የሚሆን አንድ የእናት መልእክት ከመምህራን ጋር ሆነን አዘጋጀን፤

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ቅዳሜ ዕለት የአክስትህን ልጅ ክርስትና አነሣን። ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መብራት ጠፍቶ ጠበቀን፤ እንግዳው ሁሉ ወንበር ወንበሩን ይዞ ደጅ ወጣ። አጎትህ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ ነበር። ሁለት ኪሎ ቅቤ ይዞ፣ ሙቀቱ አቅልጦበት ሻንጣው ሁሉ ቅቤ ሆነ። ዶሮውን እኔ ሠራሁት፤ ጨው በዝቶበታል አሉኝ። ታናሽ እህትህ በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት አመጣች፤ አንተ ብትመክራት ትሰማሃለች። አባትህ ስኳር ተገኝቶባቸው መድኃኒት ጀምረዋል። ሐኪሙ በየወሩ ይመለሱ ብሏል። ሻይ ያለ ስኳር አልጠጣም እያሉ እየተጣላን ነው። አንተስ? ምሳ የት ነው የምትበላው?»

ይህ በድምፅ ሲነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ግን የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። በመጀመሪያ፣ አንድ ቀን ተመርጦ ከነዝርዝሩ ተነግሯል፤ ልጁ ቅቤው ሲቀልጥ አይቶ ይስቃል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ በዝምድናቸው ተጠርተዋል። እዚህ ወይም በውጭ የተወለዱ የልጅ ልጆች አክስትና አጎት ማን እንደሆነ የሚያውቁት እንዲህ ሲነገራቸው ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ሥራ ተሰጥቶታል፤ እህቱን እንዲመክር ተጠይቋል። ገንዘብ ላክ ብቻ የሚባል ልጅ ከሩቅ የሚረዳ ሰው ይሆናል፤ ምክር የሚጠየቅ ልጅ ግን ከቤቱ አልወጣም። አራተኛው ዋነኛው ነው። የአባቱ ሕመም በሳቁና በቅቤው መሀል በልኩ ተነግሯል። አልተደበቀም፤ አልተጋነነም።

ሌላው ቤት ደግሞ የራሱ ወሬ አለው። ሙስሊም ቤተሰቦቻችን በረመዳን ለፍጥር ስንት ሳምቡሳ እንደተጠበሰ፣ በኢድ ጠዋት ማን ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ትንሹ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ቀን እንደጾመ መንገር ይችላሉ። የማኅበር፣ የእድር፣ የምረቃ፣ የመልስ፣ ወይም ምንም ያልተደረገበት የሰኔ ሙቀት ከሰዓት ወሬ ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ልዩነትም አያግደንም። ሞንትሪያል ያለ ልጅ በእነሱ የብርድ ወራት ከእኛ 8 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስንደውል እሱ ሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። የድምፅ መልእክት ከተላከለት ግን ሲመቸው ይሰማዋል፤ እንደ ካሴቱ ደግሞም ይሰማዋል።

ስለ መርዶ

ከባዱን ጉዳይም ሳናነሣ አናልፍም። በባህላችን የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ልጁ ባለበት አገር ያሉ ዘመዶችና ወዳጆች ተጠራርተው፣ በማለዳ ቤቱ ሄደው፣ ብቻውን ሳይሆን ይነግሩታል። ይህ ጥበብ ነው፤ ሐዘንተኛው በሰው መሀል ሆኖ እንዲሰማ ያደርጋል። ዛሬ ግን አርጂዎቹ ከመድረሳቸው በፊት የሟቹ ፎቶግራፍ ሻማ ተደርጎበት ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ልጅ ስለ አያቱ ሞት አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ያነባል። ስለዚህ አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፤ ርቀው ያሉት ልጆች መርዳታቸው ሳይረጋገጥ ማንም ፎቶግራፍ አያውጣ። ስልክ ያላቸው ተማሪዎቻችንም ይህን ልብ ይበሉ።

ነገር ግን መርዶ በወጉ መነገሩ ሕመሙን ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። የአያቱን ሕመም ደረጃ በደረጃ የሰማ ልጅ ሲረዳ ያለቅሳል፤ ሐዘኑን ግን ከቤተሰቡ ጋር ይካፈላል። «ደህና ናቸው» ሲባል የኖረ ልጅ ግን ከሐዘኑ በላይ ሌላ ነገር ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ ደህና ነን ስንለው አያምነንም። እውነት ደህና በሆንን ጊዜ እንኳ።

የተማሪዎቻችን ድርሻ

ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተም ሥራ ነው። በብዙ ቤት የእናትን መልእክት የሚጽፈው ታናሽ ልጅ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ የምናስተምራችሁ ለፈተና ብቻ አይደለም። «አክስት» እና «የአክስት ልጅ» መለየት፣ «መጣ» እና «መጡ» ለማን እንደሚባል ማወቅ፣ የአንድን ቀን ውሎ በቅደም ተከተል መናገር የምትማሩት ለዚህ ነው። እናታችሁ ሲናገሩ በራሳቸው ቃል ጻፉላቸው፤ አታሳጥሩባቸው። በላቲን ፊደል ሳይሆን በፊደላችን ጻፉት። ወንድማችሁ ያስቀምጠዋል።

ያ በገና ሰሞን የመጣው ልጃችን ተመልሶ ሄዷል። እናቱ በቅርቡ የታናሽየዋን የውጤት ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅናቸው። «አሁንማ ሁሉን እነግረዋለሁ» አሉን። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ሁሉን እንኳ አይደለም፤ ግን የመድኃኒቱን ስም ነግሬዋለሁ። እሱም የቤት ኪራይ እንደጨመሩበት ነገረኝ» አሉ። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ውድ ወላጆች፣ የዕረፍቱ ጊዜ እየገባ ነው። ሠርጉም ክርስትናውም ይበዛል፤ ከኢትዮጵያም ዘመድ ይመጣል። ከእንግዶቹ መሀል አንድ ጥግ ይዛችሁ፣ ርቆ ላለው ልጃችሁ ቀኑን ንገሩት። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነም ጭምር።

መልካም የዕረፍት ጊዜ እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።