ካርድ ሲበዛ ዕድል የሚያንሰው ለምንድን ነው?

አምደወርቅ ሆናችሁ ካርታ የምትጫወቱ ከሆነ የዚህን ጌም ግማሽ ታውቁታላችሁ። «ዋን ስቴፕ ፍሮም ኤደን» ይባላል፤ ቶማስ ሙን ካንግ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሜዳው 8 በ4 የሆነ ባለ ካሬ ሰሌዳ ነው፤ ግማሹ የእናንተ፣ ግማሹ የጠላት። መሣሪያችሁ ካርድ ነው፤ ግን ተረጋግቶ ማሰብ ብሎ ነገር የለም። ጥይት እየሸሻችሁ፣ ከተበወዘው ክምር ተራ የደረሳቸውን ሁለት ካርዶች ትተኩሳላችሁ።

ስታሸንፉ አዲስ ካርድ ምረጡ ትባላላችሁ። ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ! ጉዳቱን ግን በቤታችሁ ካርታ ማየት ትችላላችሁ።

10 ካርታ ቁጠሩ፤ አንዱ ብቻ አስ ይሁን። በውዙና ከላይ ሁለቱን ግለጡ። አሱ የመገኘት ዕድሉ ከ10 ሁለት፣ ማለትም አንድ አምስተኛ ነው። አሁን አስ ያልሆኑ 10 ካርታዎች ጨምሩ። የምትገልጡት ያው ሁለት ነው፤ ክምሩ ግን 20 ሆነ፤ ዕድሉም በግማሽ ወረደ። እያንዳንዱን 50 ጊዜ ሞክሩና መዝግቡ፤ አሱ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 5 ጊዜ ገደማ ይመጣል። በመጀመሪያው 7 ወይም 13 ቢሆን አትደንግጡ፤ የዕድል ጸባይ ነው።

ለዚህ ነው ጎበዝ ተጫዋች «አልፈልግም» ብሎ ካርድ የሚያልፈው፤ ደካማውን የማስወገድ ዕድል ሲያገኝም ወዲያው ይጠቀምበታል። ጥይቱ እየመጣ የማይረባ ካርድ ተራው ቢደርስ፣ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የለማ።