ኦክሲን፦ ብረታ ብረትን ቆንጥጦ የሚይዘው ኬሚካል

ኦክሲን በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቀው 8-ሃይድሮክሲኩዊኖሊን ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ የክሪስታል ዱቄት ነው። በ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ አልኮል ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ ውኃ ውስጥ ግን እጅግ በጥቂቱ። ሞለኪዩሉ ሁለት የተጣመሩ ቀለበቶች አሉት። በአንደኛው ላይ ናይትሮጅን፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ ከናይትሮጅኑ አጠገብ ሃይድሮክሲል ይገኛል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የብረታ ብረት አዮን ሲያገኙ እንደ ወረንጦ በሁለት በኩል ይይዙታል። ኦክሲንን ተፈላጊ ያደረገው ይህ አያያዝ ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የኦክሲን ኃይል ከዚህ አያያዝ ለመምጣቱ ጠንካራው ማስረጃ የአውስትራሊያዊው ኬሚስት የአድሪየን አልበርትና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በሃይድሮክሲሉ ቦታ ብቻ የሚለያዩ ሰባት ሃይድሮክሲኩዊኖሊኖች አሉ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲያነጻጽራቸው ባክቴሪያን በጉልህ ያጠቃው ኦክሲን ብቻ ሆነ፤ አዮንን በሁለት በኩል መያዝ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ኋላ እንደታየው ደግሞ እንደ አይረን ያለ ብረታ ብረት በሌለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ኦክሲን ብቻውን ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ አይገድልም። ስለዚህ ባክቴሪያውን ብረታ ብረት በማሳጣት ብቻ ይገድለዋል የሚለው ቀላል ግምት አይበቃም፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ከአይረን ጋር የፈጠረው ውሁድ ነው።

ኦክሲን በቤተ ሙከራ ብረታ ብረትን ለመለካትም ያገለግላል። ብዙ ዓይነት ብረታ ብረት የሚይዝ ኬሚካል አንዱን ለይቶ እንዴት ይለካል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ ብረታ ብረቱ በተሟሟበት ፈሳሽ የአሲድነት መጠን ላይ ነው። አሉሚኒየም በቀላል አሲድ ውስጥ ከኦክሲን ጋር ተጣምሮ ሲዘቅጥ፣ ማግኒዚየም በአሞኒያ አልካላይን እስኪሆን ድረስ እንደተሟሟ ይቆያል። ከአሉሚኒየሙ ዝቃጭ ክብደት አሉሚኒየሙ 5.87 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጥቂት አሉሚኒየም ብዙ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ሚዛኑም ይታመናል። ይኸው የአሉሚኒየም ውሁድ ከሚዛንም አልፎ ተጉዟል፦ እ.ኤ.አ. በ1987 የኮዳክ ተመራማሪዎቹ ታንግና ቫንስላይክ ከ10 ቮልት ባነሰ ቮልቴጅ አረንጓዴ ብርሃን አስወጥተውበታል። ራሳቸው ብርሃን ለሚያወጡት የኦሌድ ስክሪኖች መንገድ የጠረገው ይህ ሥራ ነው።

በኦክሲን ወገን ኬሚካሎች ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ከጃፓን ይመጣል። ክሎሪንና አዮዲን የታከለበት ዘመዱ ክሊዮኩዊኖል ለሆድ ሕመም በሰፊው ሲሰጥ ቆይቶ፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ስሞን በተባለ የነርቭና የዓይን በሽታ ተጎዱ። መድኃኒቱን ያጋለጠው የሕመምተኞቹ አረንጓዴ ሽንት ነበር፤ ቀለሙ ክሊዮኩዊኖል ከአይረን ጋር የፈጠረው ውሁድ ነው። ሽያጩ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲታገድ አዳዲስ ሕመምተኞች በፍጥነት ቀነሱ። ታዲያ ይህ የኬሚካል ወገን ለምን አይተውም? በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ያለ መለኪያና ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት የተለያየ ፍርድ ስለሚገባቸው ነው። ዘመዶቹ ለአልዛይመር ተሞክረዋል፤ ፈዋሽነታቸው ግን አልተረጋገጠም። ኦክሲንን የሚይዝ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ፣ ትራፊውንም ወደ ፍሳሽ አይድፋ፤ ለውኃ እንስሳት መርዝ ነውና። የትኛውን ብረታ ብረት፣ በምን የአሲድነት መጠን፣ በየትኛው አካል ውስጥ እንደሚይዝ ሳይታወቅ ጠቃሚ ወይም ጎጂ ብሎ መፍረድ አይቻልም።