ምርት ሦስት ሺህ ዓመት (ፊልም)

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በኃይሌ ገሪማ ተዘጋጅቶ በ1968 ዓ.ም. (1976 እ.ኤ.አ.) ለዕይታ የበቃ፣ 150 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ጥቁርና ነጭ የአማርኛ ፊልም ነው።

ታሪኩ ለአንድ ባለርስት የሚገብር የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ ቤተሰቡ ያርሳል፣ ከብት ይጠብቃል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰዉ እንደ እብድ የሚቆጥረው ከበበ ብቻ ፊት ለፊት ይናገረዋል፤ በመጨረሻም ይገድለዋል። እንዲህ ያለው ጭሰኝነት በወላይታና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎችም ሰፍኖ ስለነበር፣ «እኩል አራሽ» ወይም «ሲሶ አራሽ» የሚባለውን ኑሮ ከአያቶቹ የሰማ ተመልካች ነገሩ አይጠፋውም።

ኃይሌ ጎንደር የተወለዱ ሲሆን ያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበሩ። ቀረጻው የተካሄደው ዘውዳዊው አገዛዝ ሲወድቅ፣ ወታደራዊው ደግሞ ገና ሥር ሳይሰድ ነው። የፈጀውም ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ካሜራ የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ሲሆን የተጠቀሙበት ፊልም ባለ 16 ሚሊ ሜትር ነበር። ተዋንያኑ በሙያው የሠለጠኑ አልነበሩም። እርሻውና የቤት ውስጥ ሥራው ሳይቸኩል፣ በረጃጅም ትዕይንቶች ይታያል፤ ፈጣን ፊልም የለመደ ተመልካች መጀመሪያ ላይ ሊሰለች ይችላል፤ የጭሰኛው ድካም የሚሰማው ግን በዚሁ ዝግታ ነው።

ኃይሌ በኋላ ዘመን በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች የሥራቸውን መነሻ ከልጅነታቸው ጋር ያያይዙታል። በአንድ በኩል እሳት ዳር የሰሙት ተረትና የአባታቸው ተውኔት አለ። በሌላ በኩል በጎንደር ሲኒማ ቤት ያዩት የታርዛንና የካውቦይ ፊልም አለ፤ ልጆቹ ሁሉ የሚያጨበጭቡት ለነጩ ጀግና ነበር። የራሳቸውን ሕዝብ በራሱ ቋንቋና በራሱ የአተራረክ ስልት ማሳየት የፈለጉት ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ይገልጻሉ።

ፊልሙ ለተመልካች ከመድረሱ በፊት፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ስለዚህ በ1968 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ሲሸለም፣ ያሳየው ሥርዓት በሕግ ቀርቶ ነበር። ፊልሙ በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) በካን ፌስቲቫል የቆዩ ድንቅ ፊልሞች በሚቀርቡበት ክፍል እንደገና ታይቷል። ኃይሌም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ጤዛ» ከአብዮቱ በኋላ ወደ መጣው ዘመን ተመልሰዋል።