ከሚፈስ ጆሮ ጀርባ፦ የጆሮና የቴምፖራል አጥንት ካንሰር

ለወራት መግል የሚፈሰው ጆሮ በአብዛኛው ካንሰር የለበትም። በሽታው ሳይታወቅ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጆሮ ቦይና ከመካከለኛው ጆሮ የሚነሳ ካንሰር በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ ብርቅ በሽታ ሲሆን፣ ምልክቱ ግን ሐኪም በየቀኑ የሚያየው ነው፦ ፈሳሽ፣ ሕመም፣ የመስማት መቀነስ። ታማሚው ጠብታ ሲቀያይር ዕጢው ጆሮን የያዘውን የራስ ቅል አጥንት፣ ቴምፖራሉን፣ ይበላል።

የጆሮ ውጫዊ ክፍል ካንሰር ከዚህ ይለያል። ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ነው፤ አልቢኒዝም ያለባቸው አፍሪካውያን በተለይ ይጠቁበታል። ዓይን ላይ ስለሚወድቅ ቶሎ ከተደረሰበት ዙሪያውን ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ቆርጦ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ቦዩ ውስጥ ያለው ነው አስቸጋሪው። የቦዩ ውጫዊ ክፍል ከልም አጥንት የተሠራ ሲሆን፣ ሳንቶሪኒ በተባለው ጣሊያናዊ የአካል አጥኚ ስም የሚጠሩ ስንጥቆች አሉት። ካንሰሩ በእነሱ ሾልኮ ከጆሮ ፊት ወዳለው የምራቅ ዕጢ ይገባል። ወደ ውስጥ ከገፋ የፊት ነርቭ፣ የአንጎል ሽፋንና ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር ይጠብቁታል።

ፈሳሹ ደም ከቀላቀለ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ፣ ቦዩ ውስጥ ሥጋ መሰል ነገር ከበቀለ ወይም በወጉ የተወሰደ መድኃኒት ለውጥ ካላመጣ ናሙና ይወሰዳል። ላይ ላዩን የተቆነጠረ ናሙና ቁስለት ብቻ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ካልጠፋ ከጥልቀት መድገም ያስፈልጋል። በስኳር ሕሙማን ላይ የሚበረታው አጥንት አጥቂ የጆሮ ኢንፌክሽንም ካንሰር መስሎ ይታያልና ሐኪሙን በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስታል። ፊት በአንድ ወገን ከተዛባ በሽታው ርቆ ሄዷል ማለት ነው።

ሲቲ ስካን የተበላውን አጥንት፣ ኤምአርአይ ደግሞ ነርቭንና የአንጎል ሽፋንን ያሳያል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደረጃው የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣውና በ2000 በተሻሻለው የፒትስበርግ መለኪያ ነው። በአዋቂዎች የሚበዛው ስኳመስ ሴል የተባለው ዓይነት ነው። አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው ግን ነርቭ ተከትሎ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላም ሳንባ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። በሕፃናት ላይ የሚታየው ራብዶማዮሳርኮማ በዋናነት በኬሞቴራፒና በጨረር ይታከማል።

ለአዋቂዎች ዋናው መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ነው። በሽታው ከቦዩ ካላለፈ ቦዩ፣ ታምቡሩና ከትንንሾቹ የመስሚያ አጥንቶች ሁለቱ የውጭዎቹ በአንድነት ይወጣሉ፤ የፊት ነርቭ ይተርፋል። ፓርሰንስና ሉዊስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቁት ሰፊ ቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮንም ይጨምራል፤ ዋጋውም ከባድ ነው፦ የዚያ ወገን መስማት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በመጀመሪያው ደረጃ የተገኘ አብዛኛው ታማሚ ሲድን፣ በአራተኛው ደረጃ ግን በብዙ ዘገባዎች አምስት ዓመት የሚኖረው ከግማሽ በታች ነው። በሽታው ብርቅ በመሆኑ ሰፊ የንጽጽር ጥናት የለም፤ ቀዶ ሐኪሞች ስለ ቀዶ ሕክምናው ስፋት የሚከራከሩት በየማዕከላቸው ልምድ ነው። እንደ እኔ እምነት በዚህ ክርክር ውስጥ በልበ ሙሉነት የሚናገረውን መጠራጠር ይበጃል።

በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረር ይታከላል፤ በስድስት ሳምንት ገደማ ቢጀመር ይመረጣል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። ወረፋ ባለበት ቦታ ሁሉ የጨረሩ ቀጠሮ መያዝ ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው።