የጊታር ጠርዝ ቦይ፤ ከሞተሩ በፊት መምሪያው ይታሰብ

በሜክሲኮ የሚቾአካን ግዛት፣ በፑሬፔቻ ሕዝብ ደጋማ ምድር የምትገኘው ፓራቾ በጊታር ሥራ የታወቀች አነስተኛ ከተማ ናት። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሲሆን፣ በርካታ ቤተሰቦች ይተዳደሩበታል። በየዓመቱ በኦገስት ወር የጊታር በዓል ይከበርባታል።

በእንዲህ ያሉ አነስተኛ የእደ ጥበብ ቤቶች ሠሪውን እጅግ ከሚያሳስቡት ሥራዎች አንዱ የጠርዝ ቦይ መቁረጥ ነው። ፊቱ፣ ጀርባውና ጎኑ በኮላ ተጣብቀው ካለቁ በኋላ በዙሪያው ቀጭን ቦይ ወጥቶ ክፈፍ ይገጠምበታል። ክፈፉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ መጋጠሚያውን ይሸፍናል፣ የእንጨቱን ጫፍም ከግጭትና ከእርጥበት ይጠብቃል። ስለቱ አንዴ ከሳተ ግን የብዙ ቀን ልፋት በቅጽበት ይበላሻል።

የተለመደው ክፈፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው። የጊታሩ ጎን ራሱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ቦዩ ጎኑን በልቶ ከውስጥ ወደተለጠፈው ድጋፍ እንጨት ይደርሳል። በመሆኑም የድጋፉ ስፋት ገና ከመጣበቁ በፊት መታሰብ አለበት።

ለሥራው ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው መስመር ማውጫ ቢላዋና መሮ ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ ሆኖም ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ኩሽኔታ ያለው ስለት የተገጠመለት አነስተኛ ራውተር ነው። ኩሽኔታው የጊታሩን ጎን እየተከተለ ይሄዳል፤ ኩሽኔታው ሲለወጥ የቦዩም ስፋት ይለወጣል። ችግሩ የጊታር ጀርባ ጎበጥ ያለ መሆኑ ነው። የራውተሩ መቀመጫ በጉብታው ላይ ሲያርፍ መሣሪያው ያዘነብላል፤ ቦዩም አብሮ ይዘማል። በዘመመ ቦይ ውስጥ የገባ ክፈፍ ክፍተት ይተዋል።

ሦስተኛው አማራጭ ይህን ጉድለት የሚያርመው መምሪያ ነው። ራውተሩ በቀጥታ በቆመ ምሰሶ ላይ ይታሰርና ወደላይና ወደታች ብቻ ይንሸራተታል። ከስለቱ አጠገብ ያለች ትንሽ ቀለበት ብቻ የጊታሩን ጠርዝ ትነካለች። ጊታሩም ጎኑ ቀጥ ብሎ መቆሙ በማዕዘን መለኪያ ተረጋግጦ በማቀፊያ ላይ ይቀመጣል። ይህን መምሪያ ከኮምፔንሳቶና ከመሳቢያ ሐዲድ በቤት መሥራት ይቻላል። ዋናው ነገር ግራና ቀኝ የማይላወስ መሆኑ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ኩሽኔታው ያገኘውን ጉብታ ሁሉ ወደ ቦዩ ያስተላልፋልና። ቀጥሎ ጠርዙ በቢላዋ ይሰመር፤ ይህ እንጨቱ እንዳይላጥ ይረዳል። መለኪያውን በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሮ ክፈፉን አስገብቶ ማየት ይበጃል። ክፈፉ በጥቂቱ ከፍ ቢል በኋላ ይፋቃል፤ ቦዩ ከጠለቀ ግን ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው።

አቆራረጡ ከሰፊው የጊታር ክፍል ወደ ወገቡ፣ እንዲሁም ከሰፊው ክፍል ወደ ጫፎቹ ይሁን። ይህ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ መሄድ ነው። በዚህ አካሄድ መሣሪያው በአንዳንድ ቦታ ወደፊት ስለሚስብ አጥብቆ መያዝና በትንሽ በትንሹ መቁረጥ ያስፈልጋል። የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛም አይዘንጋ።

እንግዲህ አዲስ የሚጀምር ሠሪ ገንዘቡን በቅድሚያ ለስለታም ቢላዋና ለመሮ፣ ቀጥሎ ቀጥ ላለ መምሪያ ቢያውል ይጠቀማል። የሞተሩ ጉልበት ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተሰነጠቀ የጊታር ፊት ግን ተለቅሞ አይመለስም።